ከታች የተቆረጠው አንቀጽ

ሰኞ፣ ሰኔ 18 ቀን 1993 ዓ.ም.

ኦሉም ዛሬ ጠዋት ውሉን ፈረመ።

ፊርማው የተደረገው በኃላፊያችን በአቶ ኦሞድ ቢሮ ነው። ኦሉም እዚህ ጋምቤላ፣ የክልሉን ጋዜጣ በሚያወጣው መሥሪያ ቤታችን የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ውሉ «ቶም» የተባለውን ፕሮግራም ይመለከታል። ፕሮግራሙ ኮምፒዩተርን እንደ ሲንተሳይዘር የሙዚቃ መሣሪያ ያደርገዋል፤ ቁልፎቹን ሲነኩ የአኙዋኮች ቶም ይሰማል፣ በአውራ ጣት የሚመታው፣ በእንጨት ሣጥን ላይ የብረት ምላሶች የተደረደሩበት። እስካሁን የፈለገ ሁሉ በነፃ ሲወስደው ነበር። ከእንግዲህ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት አሻሽሎ፣ በመክፈቻ ቁጥር ቆልፎ ይሸጠዋል።

እኔም ፈርሜያለሁ። በመስኮቱ ላይ የሚታዩት የአማርኛ ቃላትና መመሪያው የእኔ ጽሑፍ ስለሆኑ መብቱን መልቀቅ ነበረብኝ። ከድርጅቱ የመጣው ሰው ሳኒ ይባላል። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ እንኳ ሳቁን አላቋረጠም። ወረቀቱን ከማጠፉ በፊት፣

«ሌላ እጁን ያስገባ ሰው የለም አይደል? ኋላ እንዳንጨቃጨቅ» አለ።

ኦሉም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አቶ ኦሞድ የግንቦቱን ጋዜጣችንን ከጠረጴዛቸው አንስተው ሰጡት።

«አንብብ። ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ።»

ሳኒ ቆሞ አነበበ። «ጋዜጣ ላይ ከወጣማ ምን ምስክር ያስፈልጋል! ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የጻፉት? እጅዎ ይባረክ» አለኝ።

ጋዜጣው ከውሉ ጋር ተያያዘ። በውሉ ላይ ኦሉም «ብቸኛ ሠሪ» ተብሏል። በጋዜጣው ላይ «ብቸኛ» የሚል ቃል የለም። ቤት ገብቼ አረጋግጫለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 20

ዝናብ። መብራት የለም። የሰኔው እትም ሦስተኛ ገጽ አልሞላም፤ ስለ ወባ መከላከያ አንድ ነገር እጽፋለሁ። ኦሉም ታምሜያለሁ ብሎ ቀርቷል። ወደ ደብረ ብርሃን የጠየቅኩት ዝውውር መልስ መጥቷል ይላሉ። አቶ ኦሞድ እጅ ነው። አልጠየቅኩም። በዚህ ሳምንት መጠየቅ አይመችም።

እሑድ፣ ሰኔ 24

አባንግ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ቤታችን መጣች። የኦሉም ታላቅ እህት ናት፤ አስተማሪ ናት፣ የመዘምራኑም መሪ። በረንዳው ላይ ቆማ የግንቦቱን ጋዜጣ ከመጽሐፍ ቅዱሷ መካከል አወጣች። አንቱታ አትወድም፤ ለማንም አትልም።

«ጋሽ ተሰማ፣ ፒተር የት ሄደ?»

«ካምፕ ነው ያለው።»

«ካምፕ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚህ የት ሄደ?» ጋዜጣውን በጣቷ መታችው።

ቦታ እንዳልበቃ ነገርኳት። ጽሑፍ ሲረዝም ከታች እንደሚቆረጥ፣ እሱ ያለበት አንቀጽ የመጨረሻው እንደነበረ አስረዳኋት።

«አንተስ? አንተ ሦስተኛው ላይ ነህ።» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ «‹የአማርኛውን ጽሑፍ ያዘጋጁት የዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ አቶ ተሰማ ናቸው።› ላንተ ስም ቦታ በቃ።»

ሻይ እንድትጠጣ ብንለምናትም አልተቀመጠችም። ስትሄድ ባለቤቴ ሽታዬ ከውስጥ፣ «ልጅቱ ያለችው እውነት ነው» አለች።

«ስለ ገጽ አሠራር አታውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ግን ይገባኛል።»

ፒተር ማን እንደሆነ በዚህ ደብተር ላይ ገና አልጻፍኩም። ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳን ፖቻላ የመጣ አኙዋክ ነው። ቋንቋው የኦሉምና የአባንግ ቋንቋ ነው፣ መዝሙሩም የእነሱው። ወረቀቱ ግን የስደተኛ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት እዚህ ከተማ ቢሮ በነበረው ጊዜ በኮምፒዩተር ሥራ ቀጥሮት ነበር፤ ከኦሉም ጋር የተገናኙት ያኔ ነው። ቢሮው ሲዘጋ ወደ ፉኝዶ ካምፕ ተመለሰ። እዚያ ኮምፒዩተር የለውም። ስለዚህ ኮዱን፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን የትእዛዝ ጽሑፍ፣ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ እየጻፈ እህል በሚያመላልሱ ሹፌሮች እጅ ይልክ ነበር። ኦሉም እዚህ ተቀብሎ ይተይባል፣ ይሞክራል፣ ያልሠራውን ጽፎ በዚያው ሹፌር ይመልሳል። አንዷን ስህተት ለማረም አንድ የእህል ጭነት መጠበቅ ነበረባቸው። ኦሉም መስኮቱንና የቁልፎቹን አቀማመጥ ሠራ። ድምፁን የሠራው ፒተር ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ሁለቱንም ራሴ አነጋግሬያለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 29

ሰው ሲያወራው እየተጣመመ ስለሆነ የጽሑፉን ነገር በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ስጽፈው ፒተር ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነበር። አቶ ኦሞድ ከመታተሙ በፊት አነበቡት። አውጣው አላሉም። ያሉት ይህን ነው፤ «ተሰማ፣ የክልል ጋዜጣ ነው። ሰው መጀመሪያ የራሱን ልጅ ይይ። ይሄን ወደ ታች አውርደው።» ማውረድ ማጥፋት አይደለም። አወረድኩት። የማባዣው ስቴንስል ሲተየብ ጽሑፉ ከገጹ ተረፈ። በየትኛውም ጋዜጣ እንደሚደረገው ከታች ተቆረጠ።

በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሚቆረጠው ከታች ስለሆነ ዋናውን ነገር ከላይ አድርጉ እያልኩ ስንቱን ጀማሪ አስተምሬያለሁ።

ስለ እኔ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስለነበር አልተነካም። እሱም የአሠራር ጉዳይ ነው።

በዚያው ገጽ በስተቀኝ የእግር ኳስ ውጤት ነበር። እሱን ማሳጠር ይቻል ነበር። ያኔ አልታየኝም።

ረቂቁ የለም። ከታተመ በኋላ ረቂቅ አናስቀምጥም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እሳት ትለኩስበታለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 5

ከፉኝዶ የመጣ ሹፌር የፒተርን መልእክት አደረሰኝ። ስለ ውሉ ሰምቷል። ወደ ከተማ መጥቶ መነጋገር ይፈልጋል፤ ከካምፕ ለመውጣት ግን የመሥሪያ ቤት የጥሪ ደብዳቤ፣ ማህተም ያለው፣ ያስፈልገዋል። «እሱ ጋዜጣው ነው፣ ይጽፍልኛል» ብሏል አለኝ ሹፌሩ።

እጽፋለሁ አልኩ። ማህተም የሚይዘው ሰው ለመስክ ሥራ ወደ ማታር ከተማ ሄዷል።

እሑድ፣ ሐምሌ 8

ባሮ ሞልቷል። ድልድዩ ላይ ሰው ቆሞ ግንድ ሲያልፍ ያያል። ከድልድዩ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሱዳናዊው ስም ፍለጋ ሊመጣ ነው አሉ» አለ አንዱ። ሌላው «ስም ምን ያደርግለታል፣ ይበላዋል?» ብሎ ሳቀ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ያወቁኝ አይመስለኝም።

ስመለስ በአባንግ ቤተ ክርስቲያን አጥር በኩል አለፍኩ። መዘምራኑ በቶም ይዘምሩ ነበር። እኔ የዚያ ቤት ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ዝናቡ እስኪያባራ ቆምኩ።

ለጽሑፉ ሳነጋግረው ፒተር ያስረዳኝ ትዝ አለኝ። ከውጭ የሚመጡት የሙዚቃ ፕሮግራሞች ድምፁን እንደ ደወል ይለቁታልና ቀስ ብሎ እስኪጠፋ ይጮሃል። በእውነተኛው ቶም ግን አውራ ጣት ለሚቀጥለው ምት ወደ ምላሱ ሲመለስ የቀደመው ድምፅ እዚያው ይሞታል። ዜማውን ዜማ የሚያደርገው ያ መቆሙ ነው። ፒተር ያንን መቆም በወረቀት ላይ ለመጻፍ አንድ ሙሉ በጋ ፈጀበት። የሚለካበት መሣሪያ ሽማግሌው ኦቹዶ የሚመቱት ቶም ነበር። የእሳቸው ቶም ወፍራሙ ምላስ ላልቶ ይነዝራል፣ እንደ ተያዘ ዝንብ። ኦሉም ይህ ጉድለት ነው፣ እናውጣው ብሎት ነበር። ፒተር አይሆንም አለ፤ «እሳቸውን ካወጣን የማን ቶም ነው?»

ይህ ሁሉ የተቆረጠው አንቀጽ ውስጥ ነበር። ጥሩ አንቀጽ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

የማህተሙ ሰው ከማታር ተመልሷል። የጥሪው ደብዳቤ አልተጻፈም። የሐምሌ እትም ይዞኝ ነው። ነገ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

ፒተር መጣ። ያለ ደብዳቤ፣ በእህል መኪና፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ። አቦቦ አልፎ መኪናው ጭቃ ውስጥ ስለተያዘ መንገድ ላይ አድሯል። በራችን ላይ ሲቆም ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ሽታዬ የእኔን ሸሚዝ ሰጠችው፤ እጅጌው ከክንዱ አጠረ። ገና ከመቀመጡ ስለ ጉዳዩ ሊጀምር ሲል፣

«ልጄ፣ መጀመሪያ ብላ» አለችው፤ «ጋዜጠኛው የትም አይሄድም።»

ከበላ በኋላ እንዲህ ተነጋገርን። በቃሉ ልጽፈው።

«ጋሽ ተሰማ፣ ወረቀት ጠበቅኩ። አልመጣም።»

«ማህተም የሚይዘው ሰው ማታር ነበር።»

«ተመለሰ?»

«ተመልሷል።»

«እሺ።» ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

በመሸጡ ተቆጥቶ የመጣ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። «ይሽጡ» አለ። «ሻጭ ጠላቴ አይደለም። እኛ ከፕሮግራሙ ጋር ያወጣነው ፈቃድ ይሸጥ ይላል። ግን ኮዱ አብሮ ይሂድ ይላል። የገዛው ሰው ከፍቶ ይይ፣ ያስተካክል፣ ለሌላ ይስጥ። የሠሩትም ስማቸው ይቆይ። ሌላ ምን አልን? እኔና ኦሉም ሰው ከፍቶ ከተወልን ፕሮግራም ነው የተማርነው። እኛ እንዴት እንዘጋለን? መዝጋት ከፈለጉ ሁለታችንም እሺ ማለት አለብን። እኔ እሺ አላልኩም። የጠየቀኝም የለም።»

«ስለሌለህ ነዋ» አልኩት። «በውሉ የለህም።»

«በውሉ የሌለሁት በጋዜጣ ስለሌለሁ ነው።» ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። «አንተ ጋዜጣ ነህ። ስህተት ሲወጣ ማረሚያ ትጽፋለህ። ዓምና የአቦቦውን ገበሬ ስም ተሳስተህ ማረሚያ አወጣህ። አንብቤዋለሁ።»

«እሱ የስም ስህተት ነበር።»

«የእኔም ስም ነው።»

ማረሚያ የሚወጣው በስህተት ለታተመ ነገር እንደሆነ፣ ስለ እሱ ደግሞ በስህተት የታተመ ነገር እንደሌለ ገለጽኩለት።

«አዎ» አለ። «ስለ እኔ ምንም አልታተመም።»

ሽታዬ ሰሃኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ለረጅም ጊዜ አልተመለሰችም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 16

ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ የኮምፒዩተር ክፍል ተገናኙ፤ ኦሉም፣ ፒተር፣ አባንግ። እኔ የተጠራሁት እንደ ሽማግሌ ነው። ጄኔሬተሩ ስለሚጮህ ሁሉም እየጮኸ ነበር የሚናገረው። ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ጀመሩ፤ ሲናደዱ ወደ ራሳቸው ቋንቋ ይገባሉ፣ አባንግ ደግሞ «በአማርኛ! ሰውየው ይስማ!» እያለች ትመልሳቸዋለች።

«ሌላ ሰው ከፍቶ ይይ ትላለህ» አለ ኦሉም። «ማን ነው ሌላ ሰው? ጋምቤላ ውስጥ ኮድ ከፍቶ የሚያይ ማን አለ? እኔና አንተ!»

«እሺ፣ እኔና አንተ እንይ።»

አባንግ ሳቀች። ኦሉም ግን አልሳቀም። «ላንተ ቀላል ነው። ነገ የስደተኛ ዕድል ደርሶህ ስምህ በካምፑ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ወደ አውስትራሊያ ትበራለህ። እኔ እዚሁ የቢሮ ፕሪንተር ስጠግን እቀራለሁ። ድርጅቱ አዲስ አበባ ወስዶ ሊቀጥረኝ ነው። አንድ ጊዜ የመጣ ነገር ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነገ ትበራለህ ትሉኛላችሁ» አለ ፒተር። «አይሮፕላኑን አሳዩኝ።»

«የተየብኩት እኔ ነኝ! እያንዳንዱን መስመር!»

«መስመሩን ማን ላከልህ?»

ከዚያ አባንግ የጠየቀችው ለሁላችንም የሚሆን ነበር። «ወረቀቶቹስ?»

ኦሉም ከተየበ በኋላ የፒተርን ወረቀቶች በጀርባቸው ለመዘምራን የመዝሙር ግጥም እያተመባቸው ኖሯል። ወረቀት እጥረት ነበር። መዘምራኑ ዘምረው ጥለዋቸዋል፤ የተረፈውንም ምስጥ በልቶታል። ተንኮል አልነበረም። ሦስቱም ያውቁ ነበር፣ ያኔ የከፋው የለም።

ፒተር ሲወጣ ኦሉምን እጁን ጨበጠው። ኦሉም ከጨበጠው በኋላ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ላብ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 26

ፒተር ያለ ፈቃድ በመውጣቱ ካምፑ ውስጥ ተወቅሷል፤ ዳግመኛ ያለ ማህተም እንዳይንቀሳቀስ ተነግሮታል። ይህን የሰማሁት ከሹፌሩ ነው።

አቶ ኦሞድ ዛሬ ራሳቸው ስለ ዝውውሩ አነሱልኝ። ጸድቋል፤ የእሳቸው የመልቀቂያ ፊርማ ብቻ ቀርቷል። «ሰው ከክፉ ነገር ጋር ሳይነካካ ቢሄድ ጥሩ ነው፣ ተሰማ» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሽታዬ ወባ የያዛት ጊዜ በራሳቸው መኪና ሐኪም ቤት ያደረሱልኝ እሳቸው ናቸው።

ዝውውሩ ከዚህ ጉዳይ ጋር ግንኙነት የለውም። ማመልከቻውን ያስገባሁት በጥር ነው። ጽሑፉ የወጣው በግንቦት ነው።

እሑድ፣ ነሐሴ 6

ሳኒ የሚሸጠውን ዓይነት ለሙከራ በሲዲ ይዞ መጣ። አባንግ ካልሰማሁት አልተውም ስላለች ሳኒ ራሱ ወደ መዘምራኑ ክፍል ወሰደው። እኔም ተጠራሁ።

መስኮቱ ያምራል፤ ቀለሙ ተለውጧል፣ ቁጥር ካልሰጡት አይከፈትም። ኮዱ የለም። «ስለ ፕሮግራሙ» የሚለውን ሲጫኑ የኦሉም ስም ይወጣል፤ ከሥሩ «የአማርኛ ጽሑፍ፦ ተሰማ» ይላል። በሚያምር ፊደል ተጽፏል። ሽታዬን ይዤ ባለመምጣቴ ደስ አለኝ።

አባንግ ስለ ፒተር ስትጀምር ሳኒ እጁን አነሳ። «እህቴ፣ በእኔ ይሁንብሽ፣ ስለዚያ አታስቢ። ክርክር እንዳይኖር ድምፁን ልጆቻችን እንደ አዲስ ጽፈውታል። ከሱ ሥራ አንድ መስመር የለበትም።»

አባንግ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ከግራ መጨረሻ ያለውን ቁልፍ ተጫነች። ወፍራሙ ምላስ ነዘረ፣ እንደ ተያዘ ዝንብ።

ደግማ ተጫነች። ነዘረ።

«ልጆቻችሁ ኦቹዶን የት አገኙት?» አለች። «አዲስ አበባ ሄዶ ነበር?»

ሳኒ ኦሉምን አየው። ኦሉም ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ወጣ። ሳኒ ትንሽ ሳቀ፣ «ድምፅ እኮ ድምፅ ነው፣ ይመሳሰላል» አለ። ከመዘምራኑ አንዷ በአኙዋክ የሆነ ነገር ስትናገር ሁሉም ሳቁ። ምን እንዳለች አባንግን ብጠይቃት፣ «የሌላ ሰው ልጅ ሰርቆ፣ ልጁ እንደሚያለቅስ ረሳ ነው ያለችው» አለችኝ።

እኔ አልሳቅኩም። ብስቅ ምን ዓይነት ሳቅ እንደሚሆን አላውቅም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 16

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ለመሥሪያ ቤታችን አቤቱታ አቅርበዋል። ድርጅቱ ፒተርን አስፈርሞ ስሙን ይመልስ፣ ወይም ኮዱን ከፍቶ ይሽጥ፣ ካልሆነም የእሱን ሥራ አውጥቶ የራሱን ያስገባ ይላል። መሥሪያ ቤቱ የውሉ ምስክር ስለሆነ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ፒተር የሥራው ባለቤት መሆኑን ኮሚቴው ካመነ ውሉ ይታገዳል። ካላመነ ሲዲው በአዲስ ዓመት ገበያ ይወጣል፤ ያኔ ፒተር በራሱ ድምፅ ላይ ከማንም የተለየ መብት አይኖረውም።

ሽማግሌዎቹ በነፃ የተሰጠውን የድሮ ዲስክ አቅርበዋል። በእያንዳንዱ የኮድ ፋይል ራስ ላይ «ኦሉም እና ፒተር» ይላል። እኔ ይህ ነገሩን ይዘጋዋል ብዬ ነበር። ሳኒ ግን መልስ አላጣም።

«ክፍት ነው አይደል የምትሉት? ማንም ገብቶ መጻፍ ይችላል አይደል? ታዲያ ትናንት ማታ ማንም ገብቶ ስም ሊጨምርበት ይችላል። ስሜን ልጻፍበት? አሁኑኑ እጽፋለሁ።» ጻፈበትም። የሳኒ ስም ከሁለቱ ሥር ተቀመጠ፤ የኮሚቴው ሰዎች ተገርመው አዩ።

ከፍተው መስጠታቸው ማስረጃ አሳጣቸው። የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ይታመኑ ነበር።

አቶ ኦሞድ፣ «ሊለወጥ የማይችል ነገር አምጡ» አሉ። ሊለወጥ የማይችል ሆኖ የተገኘው የግንቦት ጋዜጣችን ነው። የጻፈው ሰው ቀርቦ ይጠየቅ ተባለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 17

የፒተርን የጥሪ ደብዳቤ ጻፍኩ። ኮሚቴው ስላዘዘ ነው። ማህተሙ ወዲያው ተመታ፤ አንድ ሻይ እስኪጠጣ አልፈጀም።

እሑድ፣ ነሐሴ 20

ኦሉም ሳይታሰብ መጣ። ከስቷል። የሽታዬን ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልመለሰም።

«ጋሽ ተሰማ፣ አንተ መጀመሪያ የጻፍከውን እኔ አይቻለሁ። ረቂቁን ስትጽፍ አጠገብህ ነበርኩ። ፒተር ከላይ ነበር።»

«ታዲያ አንተ ተናገር።»

«እኔ ፈርሜያለሁ። ብቸኛ ነኝ ብዬ። አሁን አይደለሁም ብል ውሸታም እኔ ነኝ፣ ቅጥሩም ይቀራል። አንተ ከተናገርክ ግን አልክድም። እውነት ነው እላለሁ። ማሪያምን፣ እንደምትሉት።»

«እኔ ካልተናገርኩስ?»

ጫማውን አየ። «ቀድሜ አልናገርም።»

ሲወጣ በር ድረስ ሸኘሁት። ወጣት ሰው ነው፤ አእምሮ አለው፣ ዕድሜው ሁሉ ከፊቱ ነው። ለአንድ ቅጥር ሲል ጓደኛውን ለሌላ ሰው አፍ መተዉ አሳዘነኝ። ይህንኑ ለሽታዬ ነገርኳት።

«አዎ» አለች። «ያሳዝናል።» ከዚያ የጀመረችውን ሣጥን ማሸግ አቆመች። የደብረ ብርሃኑን ዕቃ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስታሽግ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ለመሄድ የቸኮለችው እሷ ናት፣ ልጃችን እዚያ ነች። ዛሬ ድስቶቹን መልሳ አወጣቻቸው። ለምን ብላት፣ «ማብሰያ ያስፈልገናል» አለች።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 22

አቶ ኦሞድ ጠርተው ኮሚቴው የሚያቀርብልኝን ጥያቄ አስቀድመው አሳዩኝ። አንድ ነው። በንጹሕ ወረቀት ተተይቧል፤ «በግንቦት 1993 እትም በወጣው ጽሑፍ ውስጥ ከእውነት የራቀ ነገር ታትሟል ወይ?»

«አንተ ትክክለኛ ሰው ነህ» አሉኝ። «ሁሌም የምለው ነው። የተጠየቅከውን ብቻ መልስ፣ ሌላ ማንም አይጠብቅብህም።»

አነበብኩት። ጥያቄው በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው። ጽሑፉ ውስጥ ከእውነት የራቀ ነገር አልታተመም። የለም ብዬ ብመልስ በየትኛውም ፍርድ ቤት ፊት ሐሰት አይባልም።

የዝውውሩ ወረቀት ከክንዳቸው ሥር ነበር። «ዓርብ እፈርምልሃለሁ። ሐሙስ ሥራ ይበዛብኛል» አሉ።

ቤት ገብቼ ለሽታዬ ጥያቄውን በቃሌ አልኩላት።

«ምን ልትላቸው ነው?»

«ሰማሽ አይደል የሚጠይቁኝን?»

«እነሱ የሚጠይቁህን ሰማሁ። እኔ ነኝ አሁን የጠየቅኩህ።»

ደብተሬን አውጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ሹፌሩ ከሰዓት በኋላ በደጃችን ሲያልፍ ለሽታዬ፣ ፒተር ደብዳቤው እንደደረሰውና ነገ እንደሚገባ ነግሯታል። ማረፊያ አለው ወይ ብላ ጠይቃዋለች፤ የለውም አላት። የሳሎኑን አልጋ አንጥፋለታለች።

ኮሚቴው የሚቀመጠው ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ ነሐሴ 24፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ከፒተር ጋር አብረን በእግር እንሄዳለን።